ሙቀቱ ከአውሮፕላን ያወረዳቸው ሰዎች

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ናይሮቢ ውስጥ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር በምኖርበት ሕንጻ ያሉ ጎረቤቶቼ «አየር ማረፊያ ምን ነበር የምትሠሪው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። አብራሪ አልነበርኩም፤ አስተናጋጅም አልነበርኩም። ጭነት መዛኝ ነበርኩ። አንድ አውሮፕላን ስንት ኪሎ ይዞ ሊነሣ እንደሚችል አስልቼ፣ ከዚያ ያለፈውን አስወርጄ፣ ወረቀቱ ላይ የምፈርም ሰው ነበርኩ። አራት ዓመት አዲስ አበባ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ናይሮቢ። አሁን ይህን ሥራ ኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል ይሉኛል። እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚወርደው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። እኔም አንድ ቀን ሳልጠይቅ ፈርሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ስለ ተናደድኩባቸው ሰዎች ነው፤ ከእነሱ አንዷ እኔ ነኝ።

ናይሮቢ የመጣሁት በሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት ወደ ሰሜን ኬንያ የእርዳታ ዕቃ፣ ወደ ፓርኮቹ ደግሞ ቱሪስት የሚያመላልሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩት። ደሞዙ ከአዲስ አበባው ይሻል ነበር፤ የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ ግን በየጊዜው መሰለፍ ነበረብኝ። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የሚወራ የለም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ምዜ ኦቲዬኖ ናቸው። ኬንያውያን በዕድሜ የገፋ ሰውን «ምዜ» ብለው ያከብራሉ፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከሸሚዛቸው ኪስ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ስሌቴን ቶሎ ጨርሼ በኩራት አቀረብኩላቸው። ወረቀቱን አዩትና «ተሳፋሪዎቹን አይተሻቸዋል?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ናቸው» አልኩ።

«ስንት ናቸው አላልኩሽም።»

ወደ መቆያው ክፍል ይዘውኝ ሄዱ። መመሪያው ለአንድ ተሳፋሪ የሚያስይዘው አማካይ ክብደት አለ፤ እኔም በእሱ አባዝቼ ነበር የመጣሁት። ከፊቴ የተቀመጡት ግን ዘጠኝ የራግቢ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የአንዳንዱ ጭን የእኔን ወገብ ያህላል። ምዜ አልሳቁብኝም። «አማካይ የሚባል ሰው አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም» አሉና ሚዛኑን እንዳመጣ አዘዙኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አውሮፕላኑ ወደሚያርፍበት የገጠር ሜዳ ሳይደውሉ አይፈርሙም። ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ ያስከትላሉ፦ «ቴርሞሜትሩ የት ነው የተሰቀለው? ግድግዳው ፀሐይ ይመታዋል?» ነገሩ ቀላል ነው። ሞቃት አየር ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አያነሣም፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን፣ በዚያው ሜዳ፣ በማለዳው ቀዝቃዛ አየር ይዞት የሚነሣውን ጭነት ቀትር ላይ ይዞ መነሣት አይችልም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር አንድ ነገር መውረድ አለበት።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ከወረቀቱ ግርጌ የሚያሰምሯትን መስመር ነው። የጭነት ቅጹ የሚጠይቀው ምን እንደተጫነ ብቻ ነው። ምዜ በማስመሪያ አንድ መስመር ይጨምሩና «የቀረ» ብለው፣ የወረደውን ዕቃ በዝርዝር ይጽፋሉ። ዱቄት ከሆነ ዱቄት፣ መድኃኒት ከሆነ የመድኃኒቱን ስም። «ማንም አይጠይቅዎትም፤ ለምን ይደክማሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «የፈረምሽው ለተጫነው ብቻ አይደለም» አሉኝ።

ሙቀቱ እየባሰ መምጣቱን የነገረኝ ሬዲዮ አይደለም፤ ያቺ መስመር ናት። ስጀምር ወደ ሰሜን ከሚሄደው ጭነት የምናስቀረው አልፎ አልፎ፣ በዓመቱ ሞቃት ወራት ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ በየሳምንቱ ማስቀረት ጀመርን። በኋላማ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ካለፈ መላክም ያሳስበን ጀመር። ዝናቡ አንድ ወቅት ይቀራል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት። የእርዳታ ጥያቄው ሲበዛ አውሮፕላኑ የሚችለው ጭነት ይቀንሳል። የሚያስፈልጋቸውን ያበዛውም፣ የምንወስድላቸውን የቀነሰውም ያው ሙቀት ነበር።

በሰሜን ካሉት ሜዳዎች አንዱ አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ነርሷ ሐሊማ የሞያሌ ልጅ ናት፤ አማርኛ እንደኔ ትናገራለች። ለዓመታት በየሳምንቱ በስልክ ስንገናኝ እህትማማች ሆነን ነበር። ድርቁ በጸናበት ዓመት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰብልዬ፣ ግመል ሲሞት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። አሁን ወደ ክሊኒኩ ስመጣ እየተሻገርኩት ነው።»

በዚሁ ጊዜ የድርጅታችን ትልቁ የአውሮፕላን መጠለያ በግል ጄቶች ተሞልቶ ነበር። ማኔጀራችን ጄምስ የሀብታሞችን ጄት ማስተናገድ ከእርዳታ ሥራ እንደሚሻል ካወቀ ቆይቷል። ከደንበኞቹ አንዱ የአገሬ ሰው ነበሩ። አቶ ግርማቸው እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ የባለጸጎች ሰፈር ሰፊ ግቢ ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የታመመ ኢትዮጵያዊ ያሳክማሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ። እኔንም በአማርኛ «እህቴ» ብለው ሲጠሩኝ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት ደስ ይለኝ ነበር።

የጄታቸውን የጭነት ወረቀትም የምሠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ባለቤታቸው ለሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ጆሃንስበርግ ረስተው መጡ። ጄቱ ሊያመጣው ሄደ። ተሳፋሪ በሚለው ቦታ ዜሮ፣ ጭነት በሚለው ላይ አንድ ሻንጣ ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነዳጅን የማውቀው በኪሎ ነው፤ ክብደት ነውና። በዚያ ምልልስ የተቃጠለውን ነዳጅ በእርሳስ ሳሰላው የእኛ ትንሽ አውሮፕላን ሐሊማ ጋ ከአሥር ጊዜ በላይ ደርሶ የሚመለስበት ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት።

የአንድ ሰው ጄት ብቻውን ድርቅ አላመጣም። አውቃለሁ። ሙቀቱ የመጣው ለብዙ ዘመን ከተቃጠለ ነዳጅና ከሰል መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ጥቂት ባለጸጎችና ባለጸጋ አገሮች መሆናቸውን ማንም የተማረ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሁለቱን ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሥራቴ ነው። በቀኝ እጄ ባዶ ጄት አስነሣለሁ፤ በግራዬ የሕጻናት ምግብ አስወርዳለሁ። በሐሊማ አገር ያለ ከብት አርቢ በዕድሜው አንድ መኪና አላስነሣም። ያላጨሰው ጭስ ከብቱን ጨረሰበት።

አሁን ወደዚያ ቀን ልግባ።

ምዜ ኦቲዬኖ ጡረታ ወጥተው፣ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማቸው ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። ለልጃቸው ልደት ከውጭ የመጡ እንግዶች አሏቸው፤ በማለዳ ፓርክ ውስጥ ካለ ሎጅ ደርሰው እንስሳቱን ከነፀሐይ መውጫው ሊያሳዩአቸው ይፈልጋሉ። ጄታቸው እዚያ ማረፍ አይችልም። ትንሹ አውሮፕላናችን ያስፈልጋል።

«ጋሼ፣ በማለዳ ወደ ሰሜን ይሄዳል» አልኳቸው። «ሐሙስ ሐሙስ ለክሊኒኩ ነው።»

«እሱ እኮ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ዕቃ ነው አይደል?»

«ዕቃም አለው፤ ሲመለስ በሽተኛም ያመጣል።»

«እህቴ፣ እኔ ጄምስን ማዘዝ አቅቶኝ አይደለም። አንቺ እያለሽ ብዬ ነው ወዳንቺ የመጣሁት። በእንግዳ ፊት አታሳፍሪኝ።»

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳኝ ይችላል። የታመመች አክስቴን ያሳከሙ ሰው ናቸው። የአገሬ ሰው ናቸው። በትሕትና ለመኑኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። የሰሜኑን በረራ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አምስት ሰዓት አዞርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ እንግዶቹን ከሎጁ እንዲያመጣ መዘገብኩ። ጄምስ ፈረመ፤ ግን ብዕሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ለሐሊማም አልደወልኩላትም፤ ምን ብዬ እንደምነግራት አፍሬ አጭር መልእክት ብቻ ጻፍኩላት።

በማግስቱ እንግዶቹ በሳቅ፣ በአበባና በበረዶ ሣጥን ሄዱ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ወደ ሰሜን ሲነሣ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሐሊማ ያለችበት ሜዳ ላይ ሲያርፍ ቀትር ሆነ። ካፒቴኗ ዋንጂሩ የምትባል ጥንቁቅ ሴት ነበረች። በሳተላይት ስልክ ደወለችልኝ።

«አርባ አንድ ዲግሪ ነው። ጥላ ውስጥ» አለችኝ፤ እንደምጠይቃት ታውቃለች። «በዚያ ላይ የሜዳውን ጫፍ ጎርፍ በልቶታል። ስድስት ሰው እየጠበቀኝ ነው። ስንት ልያዝ?»

ስሌቱን ሠራሁት። ደገምኩት። በማለዳ ቢሆን ስድስቱም ይሳፈሩ ነበር። ለመመለሻ የሚበቃው ነዳጅ ሊቀነስ አይችልም፤ ወንበሮቹን ብታወጣም አይበቃም።

«አራት» አልኩ።

ከኋላዋ የሐሊማን ድምፅ ሰማሁ፤ ስልኩን ተቀበለቻት። «ሰብለ፣ አንቺ ነሽ? ማንን ላስቀር?» አለችኝ። አልጮኸችም። «አንዷ ምጥ የያዛት ናት፤ ልጁ በጎን ነው የመጣው። በረሃብ የተጎዱ ሁለት ሕጻናት ከእናቶቻቸው ጋር አሉ። አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሙቀቱ ጥሎታል፣ ሽንቱ ቆሟል። ከነዚህ ማን ይቅር?»

«ሐሊማ፣ እኔ እኮ...»

«ለምን በማለዳ አልመጣም?»

ዋንጂሩ ስልኩን ወሰደችና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብትቆይ አየሩ በረድ እንደሚል፣ ምናልባት ስድስቱንም መያዝ እንደምትችል ነገረችኝ። ወደ ጄምስ ሮጥኩ። ሰዓቱን አየ። «ዘጠኝ ሰዓት ሎጁ ይጠብቃል። አራቱን ይዛ ትምጣ» አለ። ቆሜ ልከራከረው እችል ነበር። ስልኩን አንሥቼ «ቆዪ» ልላት እችል ነበር፤ ዋንጂሩ ትሰማኝ ነበር። «አራቱን ይዘሽ ነዪ» አልኳት።

የቀረውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሽማግሌው ጋልጋሎ ይባላሉ። ሐሊማ ሳትወስን እሳቸው ራሳቸው «እኔ ከብቶቼን ሸኝቻለሁ፤ ልጆቹ ይሂዱ» ብለው ከአውሮፕላኑ ጥላ ተነሥተው ሄዱ። ሁለተኛዋ ዳርሚ የምትባል እናት ናት። የሁለት ዓመት ልጇ ተጫነች፤ እሷ ቀረች። ልጅቱን ሌላዋ እናት ከራሷ ልጅ ጋር አቀፈቻት። ዳርሚ አውሮፕላኑ ሲነሣ አልሮጠችም፤ አላለቀሰችም። አቧራው እስኪወርድ እዚያው ቆማ ነበር አለችኝ ሐሊማ።

ጋልጋሎ በማግስቱ ጠዋት ሞቱ። ምጥ የያዛት ሴት ናይሮቢ በቀዶ ሕክምና በሰላም ተገላገለች። ዳርሚ በከብት መኪና ላይ ተጭና በአራተኛው ቀን ናይሮቢ ደረሰች። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። ልጅቱ ድና ነበር፤ ዳርሚ በአንዲት የሆስፒታል ነርስ እቅፍ ውስጥ አየቻት። እናቷ እጇን ስትዘረጋላት ልጅቱ ፊቷን አዞረች። ዳርሚ እጇን አላጠፈችም፤ ብዙ ጊዜ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቱ የመጣችላት። እኔ ግን ያንን ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ።

በዚያው ሳምንት አቶ ግርማቸው የልደቱን ኬክ ቁራሽ በሣጥን አድርገው ላኩልኝ። ስልክም ደወሉ። «አኮራሽኝ እህቴ፤ ችግር አልፈጠርኩብሽም አይደል?»

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል።

እሑድ ምዜ ኦቲዬኖን ፍለጋ አየር ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ሰፈራቸው፣ ኢምባካሲ፣ ሄድኩ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በቤታቸው ጣሪያ ላይ እያለፉ ወሬያችንን ያቋርጡን ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ፖሌ»፣ አይዞሽ፣ ብለው እንደሚያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና «ስማቸውን ጻፍሽ?» አሉኝ።

«የት?»

«ወረቀቱ ላይ ነዋ።»

አልጻፍኩም ነበር። ሰኞ ጠዋት ፋይሉን አውጥቼ መስመሩን አሰመርኩ። የቀረ፦ ጋልጋሎ። ዳርሚ። ምክንያቱንም ከሥሩ ጻፍኩ፤ በረራው ለምን እንደዘገየ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንደተስማማ። የራሴን ስም ጨምሬ። ጄምስ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የጭነት ወረቀት ነው፤ የኑዛዜ ወረቀት አይደለም» አለና በንጹሕ ቅጽ እንድገለብጠው አዘዘኝ። እምቢ አልኩት። ራሱ ገለበጠውና የእኔን ቀደደው። ቀድሜ ግልባጭ አንሥቼ ነበርና የሰሜኑን በረራ ወጪ ለሚከፍለው የእርዳታ ድርጅት ላክሁት። ከብዙ ስብሰባ በኋላ የማለዳው ሰዓት በውሉ ላይ ተጻፈ፤ የሰሜኑ በረራ ለማንም እንግዳ አይዘዋወርም ተባለ። ለእኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከኃላፊነትም ተነሣሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ተራ መዛኝ ሆኜ ቀረሁ። አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ ለዚህ ሁሉ የሰው ሕይወት ማስፈለጉ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ እሑድ እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን ለድርቅ ተጎጂዎች የእርዳታ ምሳ አዘጋጀን። ለቦረናም ለሰሜን ኬንያም ነው። የክብር እንግዳው አቶ ግርማቸው ነበሩ። መድረክ መሪው ገና ሲያስተዋውቃቸው «ለዚህ ምሳ ብለው ዛሬ ጠዋት ከዱባይ በራሳቸው አውሮፕላን መጥተው፣ ዛሬውኑ ይመለሳሉ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጄቷን አውቃታለሁ። ስንት ኪሎ ነዳጅ እንደምትበላ አውቃለሁ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

አቶ ግርማቸው አንድ የውሃ ቦቴ እንደሚሰጡ ተናገሩ። ጥሩ ነው፤ ውሃው ይጠጣል። ቀጥለው ግን እንዲህ አሉ፦ «ወገኖቼ፣ ይህ ሙቀት ሀብታም ድሃ አይልም። ሩንዳም ሞቋል፤ የእኔም ጉድጓድ ደርቋል። ሁላችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን።»

የተሰብሳቢው አስተያየት መሰብሰብ ሲጀምር እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑ መጣልኝ። ከጎኔ የተቀመጠች ወዳጄ ምን ልናገር እንደሆነ ከፊቴ አውቃ ቀሚሴን ወደ ታች ሳበችኝ።

«ጋሼ፣ ሰብለ ነኝ» አልኩ። «ያውቁኛል። ለአክስቴ ያደረጉትን አልረሳሁም፤ አክብሮቴም እንዳለ ነው። ግን ያሉት ልክ አይደለም። ለልጅዎ ልደት እንግዶች የሰጠሁዎት የማለዳ በረራ የበሽተኞች ነበር። በመዘግየቱ ሙቀቱ ሁለት ሰው አስወርዶብናል። አንደኛው ጋልጋሎ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በማግስቱ ሞቱ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስልክ ሲደውሉልኝ ምንም አይደል ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።»

መድረክ መሪው «እህታችን፣ ጊዜ ስለሌለን...» ብሎ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። አቶ ግርማቸው እጃቸውን አንሥተው አላስቆሙትም፤ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

«ሙቀቱ ሀብታም ድሃ ይላል ጋሼ። ያሞቁት ሌሎች ናቸው፤ የሞቱበት ሌሎች ናቸው። እርስዎ ሲሞቅዎት ተነሥተው ይበራሉ። እሳቸው ሲሞቃቸው ቀሩ።»

መድረክ መሪው ደርሶ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ። እኔም ጨርሼ ነበር።